የአውቶቡሱ ገንዘብና የድሆቹ ገንዘብ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2005፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የስኮትላንዷ ኤደንብራ ነጭ በለበሰ ሰው ተጥለቅልቃ ነበር። የስምንቱ ሀብታም አገሮች መሪዎች ከአራት ቀን በኋላ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ ግሌንኢግልስ በተባለ ቦታ ሊሰበሰቡ ነው። ሜክ ፖቨርቲ ሂስትሪ፣ ማለትም ድህነትን ታሪክ እናድርግ፣ የተባለው ዘመቻ ደግሞ ሦስት ጥያቄ ይዞ ጠብቋቸዋል፦ ፍትሐዊ ንግድ፣ የዕዳ ስረዛ፣ የበዛና የተሻለ ዕርዳታ። በዕለቱ የወጣው ሰው 225 ሺህ ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል። በኮንትራት አውቶቡስና በልዩ ባቡር ከየከተማው ከመጡት መካከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ነበሩ።

እንዲህ ያለ ጥሪ በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሆነው ብዙም አይለያይም። ኬክ ይጋገራል፣ ያለ ዩኒፎርም የሚመጣበት ቀን ይታወጃል፣ ሣጥን ይዞራል። ሣጥኑ ላይ «ለአፍሪካ» ተብሎ ይጻፍና የተሰበሰበው ለአውቶቡስ አከራይ ይከፈላል። ልጆቹ አታላይ ሆነው አይደለም፤ «ለድሆች» ሲባል የሰው እጅ ቶሎ እንደሚፈታ ስላወቁ ነው። ስህተቱ ግን ከመነሻው ነገሩን ሁሉ ያበላሻል። ለቀብር የተዋጣ የእድር ገንዘብ ለሠርግ ቢወጣ፣ ሠርጉ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በማግስቱ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። እዚህም እንደዚያው መሆን አለበት። ለጉዞ የሚሰበሰብ ገንዘብ «ለጉዞ» ተብሎ በግልጽ ይጠየቅ፤ ለዕርዳታ የሚላከው ሌላ ሣጥን፣ ሌላ መዝገብ፣ ቢቻልም ሌላ ቀን ይኑረው።

በብሪታንያ ጉዳዩ ከይሉኝታም አልፎ ሕግ ይነካል። ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲሰጥ «ጊፍት ኤይድ» በሚለው ቦታ ላይ ምልክት ካደረገ፣ መንግሥት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ይጨምራል። ተማሪዎች የስፖንሰር የእግር ጉዞ፣ ማለትም ልጁ በእግሩ ሲጓዝ ሰዎች ገንዘብ ሊሰጡ ቃል የሚገቡበትን ዝግጅት፣ ሲያዘጋጁ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ድርጅት ያገኙትን ቅጽ እንዳለ አባዝተው ያድላሉ። ያ ምልክት ቅጹ ላይ እያለ ገንዘቡ ለአውቶቡስ ከዋለ፣ ሰጪውም ግብር ሰብሳቢውም ተታለዋል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የራሳችሁን ቅጽ ሥሩ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ይህ ገንዘብ ተማሪዎችን ወደ ሰልፉ ለማጓጓዝ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰዎች ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። ይከልክሉ።

«ያንን ሁሉ ፓውንድ ለአውቶቡስ ከምታወጡት ለምን ለተራበ አትልኩትም?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ደግሞም ከባድ ጥያቄ ነው። በ2005 ከሰልፉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጁን 11 ቀን፣ የስምንቱ አገሮች የገንዘብ ሚኒስትሮች ለንደን ላይ ተስማምተው የ18 አገሮችን ዕዳ ለመሰረዝ ወሰኑ። ዕዳው የዓለም ባንክ፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅትና የአፍሪካ ልማት ባንክ ነው፤ ድምሩም 40 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። ኢትዮጵያም ከ18ቱ አንዷ ነበረች። በኬክ ሽያጭ እንዲህ ያለ ገንዘብ አይገኝም። ያ ውሳኔ የኤደንብራው ሰልፍ ውጤት ነው ማለት ግን ቀኑን መገልበጥ ይሆናል፤ ሰልፉ የመጣው ከውሳኔው በኋላ ነው። ግፊቱ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በሜይ 1998 የእነዚሁ አገሮች መሪዎች በርሚንግሃም በተሰበሰቡ ጊዜ 70 ሺህ ያህል ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ «ዕዳው ይሰረዝ» ብሎ ነበር። የ1998 አውቶቡሶች ፍሬ የታየው በ2005 ነው ቢባል ያስኬዳል። ለጉዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ተማሪ ይህን የጊዜ ርዝመት ካልነገረ፣ «ሄዳችሁ ምን አመጣችሁ?» ሲባል መልስ ያጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ አብዛኛው ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና። 49 መቀመጫ ያለው አውቶቡስ እንውሰድ። የብሪታንያ ትምህርት ቤቶች የቆየ መመሪያ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ተማሪዎች ከ15 እስከ 20 ለሚሆኑት አንድ አዋቂ ይበቃል ይል ነበር። ያ ለሙዚየም ጉብኝት ይሆናል፤ መቶ ሺህ ሰው መሃል ግን ለአሥር ተማሪ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። አምስት አዋቂ ተቀንሶ 44 መቀመጫ ይቀራል። ለምሳሌ ኪራዩ 1,200 ፓውንድ፣ ማቆሚያው፣ ውሃው፣ የባነሩ ዕቃና መጠባበቂያው 200 ቢሆን ጠቅላላው 1,400 ነው። ጀማሪ አስተባባሪ ይህን ለ44 ያካፍልና 32 ፓውንድ ይላል። ስምንት ልጅ በመጨረሻው ሳምንት ሲቀር ኪራዩ አይቀንስም፤ ጉድለቱን የሚሸፍን ይጠፋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለ36 ይካፈል፤ የአንዱ ድርሻ ወደ 39 ፓውንድ ይወጣል።

ተማሪው 20 ፓውንድ ይክፈል፣ የቀረው በመዋጮ ይሸፈን እንበል። ስድስት ቦታ ደግሞ ለማይችሉ በነፃ ይያዝ፤ ስለ ድህነት በሚደረግ ሰልፍ ላይ ደሃው ተማሪ ብቻ ከቀረ ነገሩ ቀልድ ነው። ማን በነፃ እንደሚሄድ የሚያውቀው ገንዘቡን የሚይዘው መምህር ብቻ ይሁን። 30 ልጅ በ20 ፓውንድ 600 ይሆናል፤ የሚሰበሰበው 800 ነው ማለት ነው። 900 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ያለ ዩኒፎርም ለሚመጡበት ቀን አንድ አንድ ፓውንድ ቢያስከፍል 900 አይገኝም፤ የረሳ አለ፣ የቀረ አለ፣ የደበቀ አለ። ሁለት ሦስተኛው ቢከፍል፣ 600 ነው። አንድ ትሪ ኬክ ለ12 ተቆርጦ አንዱ በ50 ፔንስ ቢሸጥ ስድስት ፓውንድ ይሰጣል፤ 25 ትሪ ከተገኘ 150። የጎደለውን 50 ፓውንድ መቶ ሳምቡሳ ይሞላዋል። በነገራችን ላይ የምስር ሳምቡሳ ለእንዲህ ዓይነቱ ገበያ ከኬክ ይሻላል፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም፣ ስለዚህ ሙስሊሙም ጾመኛውም ይገዛዋል። ስንዴ እንዳለበትና በምን ዘይት እንደተጠበሰ የሚገልጽ ወረቀት ግን አጠገቡ ይቀመጥ። ለውዝ የማይስማማው አንድ ልጅ ሆስፒታል ከገባ ዘመቻው በዚያው ያበቃል።

መንገድ ላይ ሣጥን ይዞ መቆም ሌላ ነገር ነው። በእንግሊዝ ለበጎ አድራጎት የጎዳና ልመና ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ የተለመደው ደንብም ከ16 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሰብሳቢ እንዲሆን አይፈቅድም። የ8ኛ ክፍል ልጆች ሱፐርማርኬት በር ላይ ቆመው ጥበቃ የሚያባርራቸው በክፋት አይደለም። የስፖንሰር የእግር ጉዞም ቀላል ይመስላል እንጂ ቃል የተገባው ገንዘብ እጅ እስኪገባ ሳምንታት ይፈጃል፤ የተወሰነውም ጨርሶ አይመጣም። ከመነሻው ቀን ስድስት ሳምንት ቀድሞ ካልተካሄደ ለአውቶቡሱ አይደርስም።

ሳንቲም ሲቆጠር ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ከሁለቱ አንዱ አዋቂ ይሁን፣ ገንዘቡም ሳይቆጠር ከሕንፃው አይውጣ። የብሪታንያ ባንኮች ሳንቲም የሚቀበሉት በተወሰነ መጠን ታሽጎ ነው፦ የአንድ ፓውንዱ 20 ፍሬ በአንድ ከረጢት፣ የ50 እና የ20 ፔንሱ 10 ፓውንድ፣ የ10 እና የ5 ፔንሱ 5 ፓውንድ። እንደተቆጠረ በዚሁ ልክ ከታሸገ ማግስት ባንክ ወይም የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል ያለ ጭቅጭቅ ይረከባል። በብዛት የሚበላሸው ደግሞ ይህ ነው፦ ሽያጩ መሃል ላይ ሳህን ያልቅና አንዱ ከሣጥኑ አምስት ፓውንድ አንስቶ ይገዛል። ገንዘቡ አልተሰረቀም፤ ማታ ላይ ግን ሒሳቡ አይገጥምም፣ ሐሜቱ ይጀምራል። ከሣጥን ወጪ አይከፈልም። ወጪ ያለበት ደረሰኝ ይዞ መጥቶ ይተካለት።

ርቀቱን ከሾፌሩ ሕግ ጋር ያላስተያየ ዕቅድም መንገድ ላይ ይቀራል። ከለንደን ኤደንብራ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ከስምንት ሰዓት በላይ ይወስዳል። አንድ ሾፌር ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ደግሞ አሥር ሰዓት መንዳት ይችላል። ስለዚህ በአንድ ሾፌር ከለንደን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሾፌር ይቀጠራል፣ ያም ኪራዩን ይጨምራል፤ አለበለዚያ ማደር ይመጣል፣ ማደር ደግሞ የፈቃድ ወረቀቱንም የአዋቂዎቹንም ኃላፊነት ይለውጠዋል። ከኒውካስል የሚነሳ ግን ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ስለሚደርስ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። አከራዩን ስታነጋግሩ ሁለት ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ፦ ቀብዱ እስከ መቼ እንደሚመለስ፣ መመለሻው ቢዘገይ በሰዓት ስንት እንደሚጨመር።

መዘግየቱ የማይቀር ነው። ኤደንብራ ላይ ሰልፉ ሜዶውስ ከተባለው መስክ ተነስቶ መሃል ከተማውን ዞሮ እዚያው የሚመለስ ነበር። ሰዉ ከመብዛቱ የተነሳ ከኋላ የነበሩት ገና ሳይነሱ ሰዓታት ቆመው ጠብቀዋል። «ስምንት ሰዓት ላይ ጨርሰን አሥር ሰዓት ላይ እንሳፈራለን» ያለ አስተባባሪ በእንዲህ ያለ ቀን ልጆቹን ከሰልፉ መሃል ጎትቶ ማውጣት ይገደዳል። ስልክም በዚያ ሕዝብ መሃል ይጨናነቃል፤ መልእክት ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊደርስ ይችላል። እያንዳንዱ ልጅ የሁለት አዋቂዎች ስልክ ቁጥርና የመገናኛው ቦታ ስም የተጻፈበት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ ከአንድ ጓደኛው ጋር ተጣምሮ ይሂድ። አንድ ልጅ ቢታመም አብሮት የሚቀረው አዋቂ ማን እንደሆነ አውቶቡስ ውስጥ ሳሉ ይወሰን። ባነሩ ላይ ያለው ፊደል ከ30 ሜትር እንዲነበብ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ይህ ማለት በአንድ አንሶላ ላይ አራት አምስት ቃል ብቻ ነው፤ ልጆች አንቀጽ መጻፍ ይወዳሉ፣ ማንም አያነበውም።

ልጁ የፈቃድ ወረቀት ይዞ ቤት ሲገባ በብሪታንያ የሚኖረው የእኛ አገር ወላጅ ፊት ወዲያው ይለወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተማሪ ሰልፍ ወጥቶ ያልተመለሰበት አገር ሰዎች ነን። በ1958 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለማኞች በሾላ መታጎራቸውን ተቃውመው «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል፤ ያ ትውልድ ኋላ የደረሰበትን እናውቃለን። የኤደንብራው ሰልፍ ሊደረግ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሰኔ 1997 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከምርጫው ጋር በተያያዘ ተቃውሞ ሰዎች በጥይት ተገድለዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ግሌንኢግልስ ከተጋበዙት የአፍሪካ መሪዎች አንዱ ነበሩ። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለው ወላጅ «አይሆንም» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም እንቢ ከማለቱ በፊት ቢጠይቅ ይሻላል፦ ስንት አዋቂ አለ? ሾፌሩ ስንት ነው? ገንዘቡን የያዘው ማን ነው? ቀኑስ ትምህርት የሌለበት ነው? ጁላይ 2 ቅዳሜ ነበር፤ ጁላይ 6 ግሌንኢግልስ ላይ የተደረገው ሰልፍ ግን ረቡዕ ዋለ፣ ለእንግሊዝ ተማሪ ደግሞ ያ ከትምህርት መቅረት ነው።

ትምህርት ቤቱም የሚፈራው አለው። እ.ኤ.አ. የ1996 የእንግሊዝና ዌልስ የትምህርት ሕግ ትምህርት ቤት የአንድን ወገን የፖለቲካ አቋም እንዳያራምድ ይከለክላል፤ በፖለቲካ ጉዳይ ላይ ተቃራኒው ሐሳብም ሚዛኑን ጠብቆ እንዲቀርብ ያዛል። «ዕርዳታ እንጂ ፖለቲካ አይደለም» ማለት አያዋጣም፤ ራሱ የሜክ ፖቨርቲ ሂስትሪ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ በሴፕቴምበር 2005 ፖለቲካዊ ነው ተብሎ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ታግዷል። የሚያዋጣው ተማሪዎቹ ራሳቸው አዘጋጅተው፣ ከጉዞው በፊት ዕርዳታ ይጎዳል የሚል ተናጋሪ ጭምር ጋብዘው መከራከር ነው። የሚሸጡትን ዕቃም ይመርምሩ። የዘመቻው ምልክት ከነበሩት ነጭ የእጅ አምባሮች ከፊሎቹ የሠራተኛ መብት በማይከበርባቸው የቻይና ፋብሪካዎች እንደተሠሩ በዚያው ዓመት ተጋልጦ ነበር።

ከግሌንኢግልስ የወጣው ትልቁ ቃል እስከ 2010 ድረስ ለአፍሪካ የሚሰጠውን ዕርዳታ በዓመት በ25 ቢሊዮን ዶላር መጨመር ነበር። ቀኑ ሲደርስ ጭማሪው ግማሹን እንኳ አልሞላም። የንግዱ ጥያቄ ከሁሉም ያነሰ መልስ አገኘ። በ2005 የ17 ዓመት ልጅ የነበረ በ2010 የ22 ዓመት ሰው ነው፤ ትምህርት ቤቱን ለቋል፣ ቃሉን የሚያስታውስ መዝገብም አልተወም። ስለዚህ ከ1,400ው በጀት ላይ ሠላሳ ፓውንድ «ከሰልፉ በኋላ» በሚል ርዕስ ይያዝ፤ ለቴምብር፣ ለፎቶ ኮፒ፣ የአካባቢውን የፓርላማ አባል ቢሮ ደርሶ ለመመለስ። ትርፍ ገንዘብ ቢኖር የት እንደሚሄድ መሰብሰብ ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን። የሒሳቡ ወረቀት፣ የአከራዩ ውል፣ ለፓርላማ አባሉ የተላከው ደብዳቤና የመጣው መልስ በአንድ ፋይል ታስሮ ከተመራቂዎቹ ለ10ኛ ክፍሎቹ ይተላለፍ፤ ፋይሉ ሽፋን ላይ ደግሞ መሪዎቹ ቃል የገቡበት ዓመትና ቃሉ የሚያልቅበት ዓመት ይጻፍ።