የሦስት ቀን ወርክሾፕ የሙዚየም ባለሙያ አያፈራም

አንድ የውጭ ሙዚየም ከእኛ ተቋም ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም «የአቅም ግንባታ ሥልጠና» የሚለው ቃል አይቀርም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሥልጠናው ብዙ ጊዜ የሦስት ቀን ወርክሾፕ ሆኖ ያልቃል። አዳራሽ፣ ስላይድ፣ የቡድን ፎቶ፣ ሰርተፍኬት። ሰኞ ሠራተኛው ወደ ቅርስ ማከማቻው ሲመለስ መደርደሪያው ያው ነው።

ቁም ነገር ያለው ሥልጠና ምን እንደሚያፈራ ለማየት አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ይበቃል። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሐዳር ላይ ስትገኝ ለጥናት የተወሰደችው አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ነበር። የተመለሰችው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ተመራማሪዎች እገዛ ሙዚየሙ ውስጥ የቅሪተ አካል ላብራቶሪ ተቋቋመ። ወጣቶችም ለትምህርት ተላኩ። ዶክተር ብርሃኔ አስፋው በርክሌይ ተምረው መጡና በኋላ ሙዚየሙን መሩ። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ደግሞ እዚያው ላብራቶሪ በጀማሪ ጂኦሎጂስትነት ሠርተው ፈረንሳይ ሄደው ተማሩ።

ከዚያ የመጣውን እናውቃለን። በ2000 የዘረሰናይ ቡድን አፋር፣ ዲኪካ ላይ «ሰላም» የተባለችውን ቅሪተ አካል አገኘ፤ የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን። አጥንቷ በጠጠረ አሸዋማ ድንጋይ ተይዞ ነበር። ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት ሲያነሱ ዓመታት ፈጀባቸው። ግኝቱ ይፋ የሆነው በ2006 ነው። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት በሦስት ቀን አይማሩትም።

ለቅሪተ አካል ይህን ያህል ተለፍቷል። ለብራናው፣ ለካባውና ለመስቀሉ ግን ያን ያህል የተለፋ አይመስለኝም።

የማከማቻ ሥራ በእጅ የሚለመድ ነው። የከበደ ካባ ለዓመታት ተንጠልጥሎ ከቆየ ትከሻው በራሱ ክብደት ይሳሳል፣ ይቀደዳል። ስለዚህ ተዘርግቶ፣ እጥፋቱ መሐል አሲድ የሌለው ለስላሳ ወረቀት ገብቶለት ይቀመጣል። የመለያ ቁጥርም ቅርሱ ላይ በቀጥታ አይጻፍም። መጀመሪያ ቀጭን ሽፋን ይቀባል፣ ሲደርቅ ቁጥሩ ከላዩ ይጻፋል፣ ካስፈለገ ቅርሱ ሳይጎዳ ይነሳል። ያ ቁጥር ከመዝገቡና ከፎቶው ጋር ካልገጠመ፣ ቅርሱ ተሰርቆ ውጭ አገር ቢገኝ እንኳ «የኛ ነው» ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ይህ ሁሉ የሚገባው አጠገብ ቆሞ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ያዘው» የሚል ሰው ሲኖር ነው።

አፍሪካ ውስጥ ይህ ተሞክሮ ሠርቷል። መቀመጫው ሮም የሆነው ዓለም አቀፉ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ኢክሮም፣ በ1990ዎቹ «ፕሬማ» በተባለ ፕሮግራም ከሰሃራ በታች ያሉ ሙዚየሞችን ሠራተኞች አሠልጥኗል። ሥልጠናው እዚሁ አፍሪካ፣ በአስተናጋጁ ሙዚየም ማከማቻ ውስጥ ጭምር ይሰጥ ነበር። ሰልጣኞቹ የቤቱን ቅርስ ራሱን ያጸዱ፣ ይመዘግቡ፣ ይደረድሩ ነበር። ከሰልጣኞቹ አሠልጣኞች ወጡ። በ1998 ፖርቶ ኖቮ፣ ቤኒን፣ በ2000 ደግሞ ሞምባሳ፣ ኬንያ የተቋቋሙት የማሠልጠኛ ማዕከላት የዚያ ፍሬ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ሥልጠና ለቅርስ መመለስ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው የእኛ ነው፣ መመለስ አለበት። ሥልጠናውን የምንፈልገው ለራሳችን ስንል ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሰነድ ሲፈረም ኃላፊዎቻችን ጠንከር ብለው ይጠይቁ። ማን ነው የሚሠለጥነው? መዝገቡን በየቀኑ የሚይዘው ሠራተኛ ይቅደም። ለስንት ወር? በማን ማከማቻ? ሲመለስስ ደመወዙ ያኖረዋል? ካላኖረው ወይ ኤንጂኦ ይገባል፣ ወይ ውጭ ይቀራል፤ አይፈረድበትም። አዲስ አበባ የሠለጠነው ሰው በዓመቱ ሐረርና ጅማ ወርዶ የዚያን ሙዚየም ሠራተኞች የሚያሠለጥንበት በጀትም ከመጀመሪያው ሰነዱ ውስጥ ይግባ።