የቀትሩ ሰዓት ለማን ነው? ስለ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ዝግጅቶችና ዜናዎች የተደረገ የጽሑፍ ክርክር

በአሜሪካ በሚገኙ በርካታ የማኅበረሰብ ኮሌጆች (ተማሪው ሁለት ዓመት ያህል ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊዛወር የሚችልባቸው የአካባቢ ኮሌጆች) በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ክፍል የማይያዝበት ሰዓት አለ፤ «የኮሌጅ ሰዓት» ይባላል። የክለቦች ትውውቅ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የሚያግዝ አውደ ርእይ፣ የእንግዳ ንግግርና የሙዚቃ ዝግጅት በአብዛኛው የሚካሄዱት በዚሁ ሰዓት ሲሆን፣ በየሳምንቱ ለተማሪው በኢሜይል የሚላከው የካምፓስ ዜናም በብዛት የሚሞላው በእነዚሁ ዝግጅቶች ማስታወቂያ ነው። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ኮሌጆች ይህን ሰዓትና ለክለቦችና ለዝግጅቶች ብለው ከተማሪው የሚሰበስቡትን «የእንቅስቃሴ ክፍያ» ለካምፓስ ዝግጅቶች ማዋላቸውን ይቀጥሉ ወይስ ወደ ሌላ የተማሪ አገልግሎት ያዙሩት? ደጋፊዋ በተማሪነታቸው ዘመን በኮሌጃቸው የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ሠርተዋል፤ ተቃዋሚው ቀን እየሠሩ ማታ ተምረው የጨረሱ ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

የመጀመሪያ ሴሚስተሬን የተማርኩት ከመኪና ማቆሚያ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ መኪና ማቆሚያ እየተመላለስኩ ነበር። አብዛኞቹ የማኅበረሰብ ኮሌጆች የተማሪ መኖሪያ የላቸውም፤ ስለዚህ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በመኝታ ክፍሉና በመመገቢያ አዳራሹ ሳይፈልግ የሚያገኘውን ጓደኛ የእኛ ተማሪ ፈልጎ ካልሆነ በቀር አያገኘውም። ለአሥራ አምስት ሳምንታት ከጎኔ የተቀመጠችውን ልጅ ስሟን እንኳ ሳላውቅ ሴሚስተሩ አለቀ።

ቪንሰንት ቲንቶ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ተማሪዎች ኮሌጅ አቋርጠው የሚወጡበትን ምክንያት በተመለከተ በ1975 ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ ገጠመኜ ጋር ይስማማል። እንደ እርሳቸው አባባል፣ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ የሚሄደው ትምህርቱ ስለከበደው ብቻ ሳይሆን፣ ከተቋሙ ጋር የሚያስተሳስረው ሰው በማጣቱም ጭምር ነው። የቀትር ዝግጅት ይህን ትስስር የሚፈጥር መሣሪያ ነው፤ እንደ ጌጥ የሚቆጥሩት ሰዎች ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው አላዩትም።

እኔ ቆሜ አይቻለሁ። በሁለተኛው ሴሚስተር በሰዓት እየተከፈለኝ ጠረጴዛ መዘርጋት ጀመርኩ። በአንድ የመዛወሪያ አውደ ርእይ ላይ አንድ ልጅ አራት ቦታ የታጠፈ የኮርስ ዝርዝሩን ከኪሱ አውጥቶ ለዩኒቨርሲቲው ተወካይ ሰጣት። ተወካይዋ ወረቀቱን በመዳፏ አስተካክላ ከዘረጋች በኋላ አንዱን የሒሳብ ኮርስ በእስክሪብቶ ከበበችውና፣ ይህ ኮርስ ለምህንድስና እንደማይቆጠርለት፣ ካልኩለስ መውሰድ እንዳለበት ነገረችው። ልጁ ለዝግጅቱ ብሎ አልመጣም፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲያልፍ ነው የቆመው። ያን ቀን ባይቆም ኖሮ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ይባክንበት ነበር። ቀኑም ቢሆን በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለቀጣዩ ዓመት መጸው የመግቢያ ማመልከቻ የሚዘጋው በኖቬምበር መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ አውደ ርእዩ ከዚያ ቀደም ብሎ በመጸው ወራት ይደረጋል።

ሕግ አውጪውም ቢሆን ዝግጅትን እንደ ትርፍ ነገር አላየውም። በ2004 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም ሁሉ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 17 ስለ ሕገ መንግሥቱ ትምህርታዊ ዝግጅት ማቅረብ ግዴታው ነው። በ1918 የተመሠረተው ፋይ ቴታ ካፓ የተባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሪዎች የክብር ማኅበርም ዛሬ ድረስ የሚኖረው ተማሪዎች ተሰብስበው አባል የሚቀበሉበትና ሥራ የሚሠሩበት ጊዜ ስላላቸው ነው። ሰዓቱን ከወሰድንባቸው የሚተርፈው የአባልነት ካርድ ብቻ ነው።

ተቃዋሚ

እህቴ፣ የታጠፈውን ወረቀት ታሪክ በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ልጁ እንኳንም ቆመ። እኔ የምጠይቀው ግን በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ሊያልፍ ስለማይችለው ተማሪ ነው። በአሜሪካ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ተማሪዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል የሚማሩት በትርፍ ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ላይ እነዚህ ሰዎች መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሳሉ፣ ሆስፒታል ውስጥ ታማሚ ያገላብጣሉ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ይጠብቃሉ።

እኔ ካምፓስ የምደርሰው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። የማገኘው የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ፣ ቆሻሻ መጣያው ላይ የተደራረበ ባዶ የፒዛ ካርቶንና አንድ ጫፉ የተላቀቀ ማስታወቂያ ነበር። የአማካሪዎች ቢሮ ተቆልፏል፤ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮው መስኮት ጨለማ ነው። የእንቅስቃሴ ክፍያው ግን በእኔም ሂሳብ ላይ ተጽፎ ይመጣ ነበር።

የቲንቶን ሐሳብ ጠቅሰዋል። ያ ሐሳብ በብዛት የሚስማማው በግቢው ውስጥ ለሚኖር ወጣት ተማሪ መሆኑን ያስተዋሉት ጆን ቢንና ባርባራ ሜትዝነር በ1985 ሌላ ሞዴል አቅርበዋል። ከቤቱ እየተመላለሰ ለሚማር ትልቅ ሰው፣ ከማኅበራዊ ትስስር ይልቅ ከግቢው ውጭ ያለው ነገር፣ ማለትም የሥራ ሰዓቱ፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱና የገንዘብ አቅሙ እንደሚያይል አሳይተዋል። ይህን ተማሪ የሚያስቀረው ጓደኛ ማጣት ሳይሆን የሥራ ፈረቃው መቀየር ነው።

የእኔም ነገር ይኸው ነበር። በስምንተኛው ሳምንት አሠሪዬ ወደ ማታ ፈረቃ አዛወረኝና ኮርሶቼን በሙሉ አቋረጥኩ። ከወር በኋላ ከኮሌጁ የዕዳ ደብዳቤ መጣልኝ። የፌዴራል ድጎማ ተማሪው በትምህርት ላይ በቆየበት ቀን ልክ እየተቆጠረ የሚገኝ ገንዘብ መሆኑን፣ የትምህርት ዘመኑ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ያቋረጠ ተማሪ ያልተገባው ድርሻ ተሰልቶ ወደ መንግሥት እንደሚመለስ፣ ከ60 በመቶ በኋላ ግን ሙሉው እንደሚጸናለት ያወቅሁት ያን ደብዳቤ ይዤ ነው። አሥራ አምስት ሳምንት በሚፈጅ ሴሚስተር ይህ ነጥብ ዘጠነኛው ሳምንት ሲያልቅ ነው። ጥቂት ቀናት ብታገሥ ኖሮ ዕዳው አይኖርም ነበር። በዚያው ሰሞን የመጣልኝን የካምፓስ ዜና መልሼ ፈልጌ አነበብኩት፤ ስለ ሃሎዊን የልብስ ውድድር፣ ስለ ነፃ ቲሸርትና ስለ ፊልም ምሽት ይናገራል። 60 በመቶው ስለሚሞላበት ቀን አንድ መስመር የለበትም።

ገንዘቡ የት ቢውል እንደሚሻል የሚያሳይ ተሞክሮም አለ። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 አሳፕ የተባለ ፕሮግራም በማኅበረሰብ ኮሌጆቹ ጀመረ። ለተማሪው በየጊዜው የሚያገኘው አማካሪ፣ የአውቶቡስና የምድር ባቡር ካርድ፣ የመጻሕፍት ወጪና ያልተሸፈነ የትምህርት ክፍያ ሰጠው። ኤም.ዲ.አር.ሲ. የተባለው የጥናት ድርጅት ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ባነጻጸረ ጊዜ፣ በፕሮግራሙ ከታቀፉት 40 በመቶው በሦስት ዓመት ውስጥ ሲመረቁ፣ ካልታቀፉት የተመረቁት 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። እዚያ ውስጥ ፊኛ አላየሁም።

ደጋፊ

ወንድሜ፣ ስለ ዕዳው ደብዳቤ ያነበብኩት በኀዘን ነው፤ ያ ቀን በዜናው የመጀመሪያ መስመር ላይ መቀመጥ እንደነበረበትም ያለ ምንም ማንገራገር እቀበላለሁ። ነገር ግን ከአሳፕ ያወጡት ድምዳሜ ከራሱ ከፕሮግራሙ ጋር አይገጥምም። አሳፕ ተማሪው ሙሉ ጊዜውን እንዲማር ያስገድድ ነበር፤ ስለዚህ እርስዎ የሚሟገቱለትን የትርፍ ሰዓት ተማሪ አላቀፈም። ከዚህም በላይ ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ክፍሎችን አብረው እንዲወስዱና በአንድ ሴሚናር እንዲገናኙ ይደረግ ነበር። አንዱ ተማሪ ሌላውን በስም የሚያውቅበት መንገድ በፕሮግራሙ ውስጥ ታቅዶ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እኔ በቀትር ጠረጴዛ ለማግኘት የምታገለው ይህንኑ ነው፤ ለዚያውም እጅግ ባነሰ ገንዘብ።

አንድ ነገር ልጨምር። የ60 በመቶውን ደንብ እኔ የሰማሁት በኢሜይል አይደለም። በሴሚስተሩ መጀመሪያ በሚደረገው የአቀባበል ዝግጅት ላይ አንዲት የገንዘብ ድጋፍ ሠራተኛ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጣ፣ ከረሜላ ልታነሳ የመጣችን ተማሪ «ከማቋረጥሽ በፊት እኔ ጋ ነይ» ስትላት ነው። ልጅቷ ምክንያቱን ጠየቀች፤ ሴትየዋም የቀን መቁጠሪያ አውጥታ አሳየቻት። በቢሮ መስኮት በኩል እንዲህ ያለ ጨዋታ አይጀመርም፤ ምክንያቱም ተማሪው መጠየቅ እንዳለበት የማያውቀውን ነገር ሊጠይቅ ወረፋ አይይዝም። ዝግጅት ካልኖረ ይህች ሠራተኛና ያቺ ተማሪ የሚገናኙት ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ነው።

ተቃዋሚ

አሳፕ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎችን ብቻ ማቀፉ እውነት ነው፤ ያንን አለመግለጼ ጉድለት ነበር። የሴሚናሩንም ነገር እቀበላለሁ። ነገር ግን ይህ ክርክርዎን ወደ እኔ የሚያመጣው ይመስለኛል። እዚያ ትውውቁ የተፈጠረው ተማሪው ቀድሞውንም በሚገኝበት በክፍል ውስጥ ነው፤ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ እንዲመጣ በሚጠበቅበት የቀትር ሰዓት አይደለም። የማታው ተማሪም ያለ ጥርጥር የሚገኝበት አንድ ቦታ ቢኖር ክፍሉ ነው። የከረሜላ ጠረጴዛዋ ሠራተኛ ለአሥር ደቂቃ ወደ ማታ ክፍል ብትገባ ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ታገኛለች።

የሴፕቴምበር 17ቱን ሕግ በተመለከተም፣ ሕጉ ቀኑን እንጂ ሰዓቱን አልወሰነም። ኮሌጆች እኩለ ቀንን የመረጡት ለሠራተኞቻቸው የሥራ ሰዓት ስለሚመች ነው። በፕሬዚዳንት ትሩማን የተቋቋመው ኮሚሽን በ1947 «የማኅበረሰብ ኮሌጅ» የሚለውን ስም በሰፊው ሲያስተዋውቅ፣ ተቋሙ የአካባቢውን ሕዝብ፣ ሠርቶ አዳሪውን ጎልማሳ ጨምሮ፣ እንዲያገለግል አስቦ ነበር። ይህ ሕዝብ በቀን ስድስት ሰዓት ላይ አይገኝም።

እንግዲህ ዝግጅት ሁሉ ይቅር አልልም፤ የመዛወሪያው አውደ ርእይ በተለይ እንዲቀር አልፈልግም። ነገር ግን ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ፣ የሙዚቃው ዝግጅት ቀርቶ አማካሪው በሳምንት ሁለት ምሽት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆይ እላለሁ።

ደጋፊ

የማታው አማካሪ ይኑር፤ በዚህ አልከራከርዎትም። የማልስማማው ሙዚቃውን መጀመሪያ የሚቀነስ ነገር አድርገው በማየትዎ ነው። የመዛወሪያው አውደ ርእይ ላይ የሚመጣው ተማሪ መዛወር እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያወቀ ነው። ሙዚቃ ሰምቶ የሚቆመው ግን ገና ምን እንደሚፈልግ ያላወቀው ነው፤ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ያለውን የክለብ ጠረጴዛ የሚያየውም ያኔ ነው። በእኔ ጊዜ ሙዚቃ በሌለበት ቀን የዘረጋናቸውን ወረቀቶች ያለ አንድ ፊርማ መልሰን ካርቶን ውስጥ እንከታቸው ነበር።

ስለዚህ ምርጫው በእኔ እጅ ቢሆን፣ ከሁለቱ የቀትር ቀናት አንዱን ከነሙዚቃው፣ ከነጠረጴዛው፣ ከነዩኒቨርሲቲ ተወካዮቹ ወደ ምሽት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አዛውረው ነበር፤ የማታ ክፍል ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ሕንፃው በሚወስደው መንገድ ላይ።