እርማት፦ የሥጋ ፎቶ ብቻውን ሚዛን አይሆንም

ሰላም ወንድሜ፣ ከድሬዳዋ ነው የምጽፍልህ። «የሐረርጌ ሰንጋ ሥጋ መጠኑም ትኩስነቱም በስልክ ፎቶ ይለያል፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው» ብለሃል። ቀፊራ ገበያም ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ግን ልክ አይደለም።

ፎቶ ርቀትን አይናገርም። ስልኩን ጠጋ ካደረግከው ትንሹም ሙዳ ትልቅ ይመስላል። ርዝመቱና ወርዱ በ10 በመቶ ገዝፎ ከታየህ፣ ስፋቱን በ21 በመቶ አብዝተህ ገመትክ ማለት ነው። ገዢ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው!

በካሜራ መለካት ግን አለ። አሜሪካ ውስጥ በሬው በ12ኛውና በ13ኛው ጎድን መካከል ይቆረጥና የጀርባ ጡንቻው ስፋት በፎቶ ይለካል። የካሜራው ርቀትና ብርሃኑ ግን አይቀያየሩም። አንተም በስልክ ከሞከርከው ማስመሪያ ከተቆረጠው ገጽ እኩል ከፍታ ላይ አድርግ፤ ከላይ ቀጥ ብለህ አንሳ። ጮማው በሥጋው ውስጥ እንዴት እንደተሰራጨም ጥሩ ፎቶ ያሳይሃል።

ቀለሙስ? አሁን የተቆረጠ ሥጋ ወይን ጠጅ ይመስላል። የሚቀላው አየር ካገኘ በኋላ ነው። ቀይ አምፖል ስር ደግሞ ያደረውም ያምራል። ስለ ትኩስነቱ አሽትተው፣ ዳስሰው፣ የቄራውን ማህተም እይ።