የጣቢያችሁ ድምፅ ስንት ነበር?

የጎንደር ልጆች፣ እስቲ ስሙኝ። አርባ አራቱን ታቦት በየስማቸው ትጠራላችሁ፤ የቱ ደብር በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደተተከለ ተሟግታችሁ ትረታላችሁ። «በ1997 በእናንተ ምርጫ ጣቢያ ማን ስንት ድምፅ አገኘ?» ስትባሉ ግን ጣራ ጣራ ታያላችሁ። እንዲያም ሆኖ ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ አንዱ «ጎንደር ገዥዎቹን መቼ መረጣቸውና!» ብሎ ይነሳል፤ ሌላው «ጠቅላላ ውጤቱን አታይም እንዴ?» ይለዋል። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው።

ጠቅላላው ቁጥር ስለ እናንተ ብዙ አይናገርም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበር ጠራርጎ ወሰደ፤ በአገር ደረጃ ግን ከ547ቱ 327ቱን የያዘው ገዥው ኢሕአዴግ ነበር። ሕጋችን ደግሞ በየምርጫ ክልሉ በአንድ ድምፅም ይሁን ለበለጠው ወንበሩን ይሰጣል። ከመቶ 40 ያገኘ ያልፋል፤ ስልሳዎቹ በወንበር ቆጠራ የሉም። ወንበሩን «የሕዝብ ድምፅ» እያላችሁ ስትጠሩ እነዚያን ስልሳዎች እናንተው ትቀብሯቸዋላችሁ።

በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ወንበር ወሰዱ። በግንቦት 2007 ሁለቷም ተጨመሩና 547ቱም ሆነ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2008፣ የዚህችው ከተማ መንገድ በተቃውሞ ሰልፈኛ ጢም አለ። አንድ የተቃዋሚ ወንበር የሌለበት አገር ነው እንግዲህ! በመንግሥት ቁጥር ሳቅን፤ መሳቁስ ደግ። ግን በየጣቢያው ለተሸናፊው ስንት ድምፅ ተሰጥቶ እንደነበር በእጁ የጻፈ ከመካከላችን ማን ነው? ቁጥሩን ሐሰት ነው የሚል ሰው የራሱን ቁጥር ይዞ ይምጣ እንጂ፣ በጩኸት ማን ይረታል?

2013ንም እንዲሁ አድበስብሳችሁ አትለፉት። ገዥው ብልጽግና 410 ወንበር፣ ተቃዋሚው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5። ትግራይ ግን አልመረጠችም፤ ሶማሌና ሐረሪ ድምፅ የሰጡት በመስከረም 2014 ነው። ይህን ሳትቀንሱ ከ2007 ጋር አወዳድራችሁ «ወጣን፣ ወረድን» ብትሉ ሒሳቡ አይገጥምም።

እኔም ከወቀሳው አልወጣም። በ1997 ጎህ ሳይቀድ ተሰልፌ መርጫለሁ። በማግስቱ በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን የውጤት ወረቀት ቆሜ አንብቤ፣ «ይኼማ አይረሳም» ብዬ ሄድሁ። ተረሳ። የእድራችን ጸሐፊ ግን የዚያን ዓመት መዋጮ እስከ ሳንቲሟ ዛሬም ከመዝገቡ ያወጣዋል።

ከአዘዞም ይሁን ከአራዳ፣ ያን ወረቀት በደብተር የገለበጠ ሰው ካለ ያውጣው፤ እኔ መጥቼ እገለብጣለሁ። ለሚቀጥለው ምርጫ ደግሞ በየእድሩ መዝገብ አንድ ገጽ ባዶ ይተውልን።