ስልኬ 4ጂ ይላል፤ ጥሪው ግን አይገባም

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ቢሆንም ንዴቴን በሥርዓት ለማስረዳት እሞክራለሁ። በቅርቡ እናታችን ሆስፒታል ተኝታ ሳለ እህቴ ከኮሪደሩ ሆና አራት ጊዜ ደውላልኝ ነበር። ስልኬ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ድምፁ ተከፍቷል፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ከላይ ጥጉ ላይም 4ጂ የሚል ይነበባል። አንድም ጊዜ አልጠራም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አራት አጫጭር መልእክቶች ተከታትለው ገቡና እህቴ ልታገኘኝ ሞክራ እንዳልቻለች አስታወቁኝ። ሐኪሙ ፈጣን ውሳኔ ፈልጎ ነበር፤ እህቴም ብቻዋን ወሰነች። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ፣ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ በዚሁ ስልክ ቪዲዮ እያየሁ የነበርኩ መሆኔ ነው፤ ቪዲዮው ለአንድ አፍታ እንኳ አልተቆራረጠም።

እናቴ ደህና ሆና ወደ ቤቷ ከተመለሰች ወዲህ በየቀኑ እደውልላታለሁ፤ በደወልኩ ቁጥርም የስልኬን ጥግ መመልከት ልማድ ሆኖብኛል። ቁጥሯን እንደነካሁ 4ጂ የሚለው ይጠፋል፣ ለአፍታ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ኤች የምትባለው የ3ጂ ምልክት ብቅ ትላለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እሷም ትቀርና የ2ጂዋ ኢ ትመጣለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ጆሮዬ የሚሰማው ዝምታ ብቻ ነው። ስድስት ሰባት ሰከንድ ቆይቶ መጥራት ይጀምራል። እየወረደ የነበረ ፋይል ካለ ይቆማል ወይም ይንቀራፈፋል፤ ተነጋግረን ከጨረስን በኋላም ስልኩ ወደ 4ጂ እስኪመለስ ድረስ መጠበቅ አለብኝ።

ይህ የስልኬ ብልሽት አይደለም፤ ሲሠራ ታስቦበት እንዲህ የሆነ ነው። 4ጂ የምንለው ኤልቲኢ ሲነደፍ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት መንገድ፣ በጥቅል በጥቅል ተከፋፍሎ እንዲጓዝ ተወሰነ፤ ቀድሞ ለእያንዳንዱ ጥሪ ተለይቶ ይያዝ የነበረው መስመር ጨርሶ ቀረ። ድምፅን በዚሁ በአዲሱ መንገድ የሚያስተላልፈው ቮልቲኢ የተባለው አሠራር ደግሞ ዘግይቶ ነው የደረሰው። እስኪደርስ ድረስ የተገኘው መላ፣ ጥሪ በመጣ ቁጥር ስልኩ 4ጂን ለቆ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ እንዲወርድና ጥሪውን እዚያ እንዲቀበል ማድረግ ነው። ኔትወርኩ ስልኩን "ጥሪ አለህ፣ ውረድ" ይለዋል፤ ስልኩም የአሮጌውን ማማ ሞገድ ፈልጎ ይያያዛል። በዚህ ፍለጋ መሃል አንድ ነገር ከተሰናከለ ጠሪው "ሊያገኟቸው አይችሉም" የሚለውን ድምፅ ይሰማል፤ ተጠሪው ግን ምንም አያውቅም። እህቴ የሰማችው ይህንኑ ነበር።

ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው መላ እስከ ዛሬ በብዙ ስልኮች ላይ አለ። ቁጣዬ ከቴክኖሎጂው ጋር አይደለም፤ እንዲያውም የአሠራሩን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር መሐንዲሶቹን ይበልጥ አደንቃለሁ። የሚያናድደኝ በየትውልዱ የፍጥነት ቁጥር እየተባዛ ሲሄድ፣ ስልክ የተባለው ዕቃ የተፈጠረበት ጉዳይ፣ ማለትም ሰው ሰውን ጠርቶ ማናገሩ፣ ወደ ኋላ እየተገፋ መምጣቱ ነው።

መነሻውን ብናይ ከጥሪ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረም። አካባቢን በትንንሽ ክልሎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አንቴና የመስጠቱ ሐሳብ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የስልክ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1947 ነው በጽሑፍ የሰፈረው። የሞቶሮላ ኩባንያው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር በእጅ በሚያዝ ስልክ የመጀመሪያውን ጥሪ ያደረገው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1973 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው፤ የደወለውም ለተፎካካሪው ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ ለንግድ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1979 ቶኪዮ ላይ ሲሆን፣ በ1981 የስካንዲኔቪያ አገሮች፣ በ1983 ደግሞ ቺካጎ ተከተሉ። ጉድለቱ ብዙ ነበር፤ ድምፁ እንደ ሬዲዮ ስለሚተላለፍ ተራ መቀበያ ያለው ሰው የሌላውን ወሬ መስማት ይችል ነበር፤ አንድ ተናጋሪ አንድ ቻናል ለብቻው ስለሚይዝም ብዙ ሰው ሲደውል መስመሩ ይጨናነቅ ነበር። ሆኖም ስልኩ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ የተሠራው እንዲጠራ ነው።

ሁለተኛው ትውልድ ከሁሉም አብልጬ የማከብረው ነው። ጂኤስኤም የተባለው አሠራር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1991 ፊንላንድ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ድምፅን ወደ ዲጂታል ለውጦ፣ አንዱን ሞገድ በጊዜ ስምንት ቦታ ከፍሎ፣ ስምንት ሰው ሳይነካካ እንዲጠቀምበት አደረገ። ምስጢርን ይጠብቃል፤ ሲም ካርዱን ከአንዱ ቀፎ አውጥቶ ሌላው ውስጥ መክተት ይቻላል፤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይዞት መሄድም እንዲሁ። አጭር መልእክትም ከዚሁ ጋር መጣ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1992 እንግሊዝ ውስጥ ተላከ። (የላቲን ፊደል 160 ሲፈቀድለት በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፤ ብዙዎቻችን አማርኛን በላቲን ፊደል እያጣመምን ስንጽፍ የኖርንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ ይህም ራሱን የቻለ ብሶት ነው።) ይህ ትውልድ ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖም ዛሬ የእኔ 4ጂ ስልክ ጥሪ ሲመጣበት 3ጂ ካጣ የሚሸሸው ወደ እርሱ ነው።

ሦስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ጃፓን ውስጥ ጀመረ፤ ጥሪና ዳታን ጎን ለጎን ማስኬድም ቻለ። እያወሩ ኢንተርኔት መክፈት የተለመደ ነገር የሆነው ያኔ ነው። በዚያው ቢቀጥል ምንኛ መልካም ነበር። አራተኛው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ስቶክሆልምና ኦስሎ ላይ ሲከፈት ግን የሚያቀርበው ዳታን ብቻ ነበር፤ ጥሪን እንዴት እንደሚያስተናግድ ሳያበጅ ነው በሩን የከፈተው።

ስሙም ቢሆን ያልተገባ ነበር። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአራተኛው ትውልድ ያስቀመጠው መለኪያ ተጠቃሚው ባለበት ሲቆም በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት፣ በፍጥነት ሲጓዝ ደግሞ 100 ሜጋ ቢት የሚል ነበር። በወቅቱ የተዘረጋው ኤልቲኢ ያንን አያሟላም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ግን ኅብረቱ ራሱ ስሙን ለእነዚያ ላልደረሱትም መጠቀም እንደሚቻል ገለጸ። አምስተኛውም ተመሳሳይ ነገር አለው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ደቡብ ኮሪያና አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር የ5ጂ አንቴና በ4ጂ ማዕከል ላይ ተቀጥሎ ነበር የሚሠራው፤ በብዙ ቦታም ዛሬ ድረስ እንዲሁ ነው። ማማው "በዚህ አካባቢ 5ጂ ይኖራል" ብሎ ስላስታወቀ ብቻ ስልኩ የ5ጂ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ዳታው ግን በዚያች ቅጽበት የሚሄደው በ4ጂ ነው። ጥሪ ሲመጣስ? በአብዛኛው ወደ 4ጂ ይወርዳል። 5ጂው ወደ 4ጂ፣ 4ጂው ወደ 3ጂ፤ እያንዳንዱ ትውልድ ጥሪን ለታላቁ እያሸከመ ነው የሚሄደው።

አሁን ደግሞ ያ ተሸካሚ እየተዘጋ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሞገድ ውስን ሀብት ነው፣ 3ጂ ይዞት የነበረውን ለ4ጂና ለ5ጂ ቢሰጡት በዚያው ስፋት ብዙ እጥፍ ዳታ ያስተላልፋል። አውሮፓ ውስጥ በርካታ ኩባንያዎች 3ጂን ዘግተው 2ጂን አቆይተዋል፤ ንባባቸውን በሞባይል መስመር የሚልኩ የቆዩ የመብራት ቆጣሪዎች፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2018 ጀምሮ በአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ላይ ግዴታ የሆነው፣ መኪናው ሲጋጭ በራሱ የሚደውለው የአደጋ ጥሪ በአሮጌዎቹ መስመሮች ላይ የተመሠረቱ ስለነበሩ አንዱን ማስቀረት ነበረባቸው። አውስትራሊያ ግን 2ጂን ቀድማ ስለዘጋች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 መጨረሻ 3ጂም ከመጥፋቱ በፊት፣ ተራ ጥሪን በ4ጂ የሚያደርጉ፣ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ ሲደወልባቸው ግን በ3ጂ ብቻ የሚሠሩ ቀፎዎች መኖራቸው ታወቀ። መንግሥት እንደነዚህ ያሉት ስልኮች ከኔትወርክ እንዲታገዱ አዘዘ። የአንድን ሰው የሚሠራ ስልክ መዝጋት የሚያስገድድ ችግር እስኪፈጠር ድረስ ባለቤቱ ጥሪው በየትኛው ትውልድ ላይ እንደሚሄድ አልተነገረውም ነበር።

የእናቴም ስልክ ተራው ደርሶታል። ባለፈው ሳምንት 3ጂ በቅርቡ እንደሚዘጋና ቀፎዋ ከዚያ በኋላ ለጥሪ እንደማያገለግል የሚገልጽ መልእክት ደረሳት። ያ ስልክ 4ጂ ነው፤ ሳጥኑ ላይ በትልቁ ተጽፎበታል፤ ስንገዛላትም "ዘመናዊ ነው፣ ለብዙ ዓመት ያገለግላል" ተብለናል። በእርግጥም ዳታ ይሠራል፤ ፎቶ ትልካለች፣ ዜና ታነባለች። ቮልቲኢ ግን የለውም፤ ቢኖረውም እንኳ ኩባንያው ለዚያ ሞዴል ካልፈቀደለት እንደማይሠራ ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። እናቴ መልእክቱን አንብባልኝ ስታበቃ "ታዲያ ስልክ ሆኖ የማይደወልበት ምን ሊባል ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አላገኘሁላትም።

ቮልቲኢ በትክክል ሲዘረጋ ድንቅ ነገር ነው፤ ጥሪው ወዲያው ይገባል፣ ድምፁም ሰውዬው አጠገብ የተቀመጠ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ የምጠይቀው ወደ ኋላ እንመለስ ብዬ አይደለም። ቀፎ ሲሸጥ ጥሪው በየትኛው ትውልድ እንደሚሄድ በሳጥኑ ላይ ይጻፍ። የፍጥነት ቁጥር በማስታወቂያ ሲለቀቅ፣ አንድ ጥሪ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚጠራና ከመቶ ጥሪ ስንቱ ሳይገባ እንደሚቀር አብሮ ይገለጽ። አሮጌው መስመር ከመዘጋቱ በፊት ባለቀፎው በመልእክት ብቻ ሳይሆን በሰው አንደበት ይነገረው፤ የሚተካበትም መንገድ ይዘጋጅለት።

እኔ ለጊዜው ያገኘሁት መላ ቢኖር ለእናቴ ከመደወሌ በፊት ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ስልኬን ከ4ጂ ወደ 3ጂ ማውረድ ነው፤ ያኔ ሳይዘገይ ይጠራል፣ እሷም ሳትቸገር ታነሳለች። እህቴም ከዚያን ቀን ወዲህ እንደዚያው አድርጊ ስላለችኝ ሌሊት ሌሊት ስልኬን 3ጂ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው። ትናንት ያ የመዝጊያ መልእክት ለእኔም ደረሰኝ።