ሰሃራን ተዉት

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የተጋበዙ እንግዳ ሰሃራ ሰው የሌለበት፣ ለማንም የማይጠቅም የሞተ አሸዋ እንደሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር በዛፍ ቢሸፈን አፍሪካ እንደምትለማ ሲናገሩ ሰማሁ። አወያዩ በአድናቆት አሳለፋቸው።

አሸዋ? ዘጠኝ ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከሚሰፋው በረሃ አሸዋ የሸፈነው ሩቡን ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጠጠራማ ሜዳ፣ አለትና ተራራ ነው፤ የቻዱ ኤሚ ኩሲ ከ3,400 ሜትር በላይ ይረዝማል። እንግዳው ችግኛቸውን አለቱ ላይ በምን ሊተክሉት እንዳሰቡ አልነገሩንም።

«የሞተ» መባሉ ግን ይብሳል። ቻድ ውስጥ ቦዴሌ የሚባል ረባዳ ስፍራ አለ። ከሺዎች ዓመታት በፊት የግዙፍ ሐይቅ ወለል ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ በውስጡ ይኖሩ የነበሩ ጥቃቅን አልጌዎች ቅርፊት ተከማችቶ ቀረ፤ ነጭ ነው፣ እንደ ዱቄት የላመ። በበጋ ወራት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ በቲበስቲ ተራሮችና በኤነዲ አምባ መካከል ተጨምቆ ሲያልፍ ይህን ብናኝ ያነሣዋል፤ አትላንቲክንም ያሻግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የሳተላይት ጥናት እንዳሰላው በየዓመቱ በአማካይ ከ27 ሚሊዮን ቶን በላይ የሰሃራ አቧራ አማዞን ላይ ይወርዳል። በውስጡ ዕፅዋት የሚመገቡት ወደ 22 ሺሕ ቶን ፎስፈረስ አለ፤ ዝናብና ጎርፍ ከአማዞን አፈር አጥበው የሚወስዱትን ያህል መሆኑ ነው። በዓለም ትልቁን የሐሩር ደን የሚቀልብ መሬት ነው እንግዲህ ሞተ ተብሎ በቁሙ የተለቀሰለት! ቦዴሌን በዛፍ የሚያለብስ ሰው አማዞንን በመጥረቢያ ከሚቆርጠው በምን ይሻላል?

ሰው የለበትም የሚለውንማ ለኒጀሯ ቢልማ ሰዎች ይንገሯቸው። ጨዋማውን ውሃ በጉድጓድ አትንነው፣ ጨውን በተቦረቦረ የዘንባባ ግንድ ቅርጽ አስይዘው በግመል ቅፍለት የቴኔሬን በረሃ ሲያሻግሩ ኖረዋል። አሞሌ ከአፋር በግመል ሲወርድልን የኖርን እኛ ይህ ሊጠፋን አይገባም ነበር።

የዛፍ ጠላት አይደለሁም። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ታላቁ አረንጓዴ ግንብ ይሠራ፤ እርሱ ግን ከበረሃው በስተደቡብ ያለውን የተጎዳ የሳህል መሬት ለማዳን የታሰበ ነው፣ በረሃውን ለመቅበር አይደለም። ውሃውስ ከየት ሊመጣ ነው? ግብፅ፣ ሊቢያ፣ ሱዳንና ቻድ የሚጋሩት የከርሰ ምድር ውሃ ከሺዎች ዓመታት በፊት የዘነበ ነው፤ የሚተካው ዝናብ የለም። እንግዳው በሚቀጥለው ውይይት ከዚህ ይጀምሩልን።