ጠርሙስ ማስቀመጫዋ

የምኖረው ማልሞ፣ ስዊድን ነው። ኮፐንሃገን ከባሕሩ ማዶ ናት። በባቡር ድልድዩን ተሻግሮ መሃል ከተማዋ ለመግባት 40 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስንቴ ሄጃለሁ። ግን ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ኤርፖርት እንግዳ ለመቀበል ነው። ቆም ብዬ ከተማዋን አይቻት አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የሥራ ባልደረቦቼ አዳዲሶቹን የዴንማርክ ሕንፃዎች ሊጎበኙ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ሕንፃ አይደለም። እደርስበታለሁ።

አስጎብኚያችን ጡረታ የወጣ አርክቴክት ነው። በብስክሌት ነው ያዞረን። ለብስክሌት ብቻ የተሠራ ብርቱካናማ ድልድይ አለ፤ ከውሃው በላይ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። በ2014 ነው የተከፈተው (የዴንማርክን ዓመት ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው)፣ ስሙም «የብስክሌት እባብ» ነው። ሁለት ልጆቿን ከፊት ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠች እናት ቀድማን አለፈች። ሽማግሌውም፣ ሙሉ ልብስና ክራቫት ያሰረውም በብስክሌት ነው። ስትሮየት የሚባለውን ዋናውን የገበያ መንገድ ለመኪና የዘጉት በ1962 ነው። ያኔ ነጋዴው «ገበያችን ሊሞት ነው» ብሎ ጮኾ ነበር አሉ። ዛሬ ሰው እየተጋፋ ነው የሚሄድበት።

ኢስላንድስ ብሩገ ስንደርስ ሰው ይዋኛል። መሃል ከተማ፣ ወደቡ ውስጥ! ይኼ ውሃ ድሮ የፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ መድፊያ ነበር። ዓመታት ፈጅተው ፍሳሹን ከወደቡ አራቁት። ዝናብ ሲበዛ ትርፉን የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከመሬት በታች ሠሩ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሕዝቡ ይዋኝበታል፣ በነፃ። እኛ አዲስ አበባ ወንዝ ሲባል አፍንጫችንን ነው የምንይዘው። አሁን የወንዝ ዳርቻ ልማት ተጀምሯል፤ ፎቶውን ሳይ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ዳርቻው አምሮ ውሃው እንዳለ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ሽንት ቤቱ ወደ ወንዙ እየተለቀቀ አበባ ብንተክል ምን ዋጋ አለው?

ከዚያ አማገር ባኬ ደረስን። ሰው ኮፐንሂል ነው የሚለው። ቆሻሻ ማቃጠያ ነው። ደግሜ ልበለው፤ ቆሻሻ ማቃጠያ ነው። እላዩ ላይ ሰው ስኪ፣ የበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ይጫወታል። ጣሪያው ከ85 ሜትር ከፍታ ወደ መሬት የሚወርድ ተዳፋት ነው። በረዶ የለውም፣ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው የተነጠፈበት። በጎኑ ዛፍ የተተከለበት የእግር መንገድ አለ። ግድግዳው ላይ ወጣቶች በገመድ ይወጣሉ። የነደፈው ቢያርከ ኢንግልስ የመሠረተው ቢግ የተባለው የአርክቴክቶች ቢሮ ነው። ማቃጠያው በ2017 ሥራ ጀመረ፣ ጣሪያው በ2019 ለሕዝብ ተከፈተ። በዓመት ከ400 ሺህ ቶን በላይ ቆሻሻ ይበላል። ከእሳቱ መብራትም፣ የቤት ማሞቂያም ይወጣል። ኮፐንሃገን ውስጥ ከ100 ቤት 98ቱ የሚሞቀው ከመሬት በታች በተዘረጋ የጋራ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው።

በሊፍት ወጣን። በሊፍቱ መስታወት የማቃጠያው ሆድ ይታያል፤ ቧንቧው፣ ጋኑ፣ ብረቱ። አናቱ ላይ ማኪያቶ አዘዝን። ማሽተት ሞከርኩ። ምንም የለም። እንደገና ሞከርኩ። ምንም። ከእግሬ ሥር የአንድ ከተማ ቆሻሻ እየነደደ ነው፣ እኔ ማኪያቶ እጠጣለሁ። የንጉሡ ቤተ መንግሥት ከወደቡ ማዶ ነው፣ ሩቅ አይደለም። ቆሻሻቸውን የማንም ድሃ ደጃፍ ላይ አልወሰዱትም። ዓይናቸው ሥር አስቀመጡት።

እዚያ ላይ ሆዴ ተላወሰ። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ አየር ጤና ነው። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ወደ እኛ ሲዞር እናቴ መስኮት ዘግታ እጣን ታጨስ ነበር። ዩኒፎርማችን ላይ ሳይቀር ሽታው ይቀር ነበር። ትምህርት ቤት «የቆሼ ልጆች» ይሉናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው አለቀ። እኔ ማልሞ ሆኜ ስልክ ስሞክር አደርኩ። እናቴ ከድንኳን ድንኳን ስትዞር ሰነበተች።

በዓመቱ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው ቆሼ ያለበት ረጲ ላይ የቆሻሻ ማቃጠያ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ነው የታሰበው። ከሥራው ተካፋዮች አንዱ ራምቦል የተባለው የዴንማርክ የምሕንድስና ድርጅት ነበር። አማገር ባኬም ላይ ሠርቷል። ስለዚህ ማሽኑን አላወቅንም፣ አላየንም ማለት አንችልም። ማሽን ይገዛል። አማካሪም ይቀጠራል።

ዴንማርኮች ቅዱሳን ናቸው እያልኩ አይደለም። ይኼ ማቃጠያ ለከተማው ከመጠን በላይ ትልቅ ነው ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ ምድጃውን ለመሙላት ከውጭ አገር ቆሻሻ እስከ ማስገባት ተደርሷል። ኮፐንሃገን በ2025 ከካርቦን ነፃ እሆናለሁ ብላ ነበር። በ2022 እንደማይሳካላት አመነች። አንዱ ምክንያት የዚሁ ማቃጠያ ጭስ ነው፤ ካርቦኑን ከጭሱ ለይቶ ለማስቀረት የታሰበው ገንዘብ አልተገኘም። አስጎብኚያችን ይኼን ሳንጠይቀው ነገረን። እውነት ለመናገር፣ ሰውየውን ወደድኩት።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ከኮፐንሂል ወርደን ከተማ ስንመለስ ውሃ ገዝቼ ጠጣሁ። ፕላስቲኩን ቅርጫት ውስጥ ልጥል ስል አስጎብኚው «እዚያ ሳይሆን እዚህ» አለኝ። ከቅርጫቱ ጎን ትንሽ መደርደሪያ አለች። ክንድ አትሞላም። ጠርሙስና ጣሳ ብቻ ነው የሚቀመጥባት። ዴንማርክ ውስጥ መጠጥ ስትገዙ የጠርሙስ መያዣ ትከፍላላችሁ፣ ከ1 እስከ 3 ክሮነር። ባዶውን ሱቅ ስትመልሱ ማሽኑ ይመልስላችኋል። ሥራ የሌለው፣ ስደተኛው፣ ጡረታው ያልበቃው ሰው ሌላው የጣለውን እየለቀመ ይኖርበታል። ለመልቀም ደግሞ እጁን ቅርጫት ውስጥ ይከት ነበር። ስባሪ ይቆርጠዋል፣ መርፌ ይወጋዋል። ስለዚህ መደርደሪያ ሠሩለት።

ይኸው ነው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ። አንድ ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ ስለ ጠርሙስ ለቃሚ እጅ አስቧል። ስዕል ስሏል። በጀት አስፈቅዷል።

እኛም አገር የከተማውን ፕላስቲክ የሚያነሳው ድሃ ነው። ቆራሌው ነው፣ ልዋጩ ነው። የቆሻሻ መኪና ሲገለብጥ ሃይላንድ ለመቅደም የሚሮጠው ልጅ ነው። አብሮ አደጌ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጦ ቆሼ ላይ ይለቅም ነበር። የግራ መዳፉን ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው የሚያቋርጥ ጠባሳ አለው። ቆርቆሮ ነው የቆረጠው። ያኔ እናቴ ናት በጨው ውሃ አጥባ ያሰረችለት። አሁን በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት መንገዶች ላይ መብራት ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ተሠርቷል፣ ቆንጆ ቅርጫት ቆሟል። እሰየው፣ ደስ ይላል። ከቅርጫቱ ጎን ይቺን የምታህል ብረት ለመበየድ ስንት ብር ይፈጃል? የመርካቶ ብረታ ብረት ሠሪ በአንድ ቀን ይጨርሳታል።

ማልሞ እንደገባሁ እናቴ ጋ ደወልኩ። አሁን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፣ አራተኛ ፎቅ። ስንደዋወል ከሰላምታ ቀጥሎ የምናወራው ስለ ቆሻሻ ነው። የማንሻው ክፍያ ከውሃ ሂሳቡ ጋር ይቆረጣል፤ አንሺዎቹ ግን ሁለት ሳምንት ጠፍተዋል። ማዳበሪያው በረንዳ ላይ ሞልቶ ተቀምጧል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ዝንብ። በ71 ዓመቷ ማዳበሪያ ተሸክማ አራት ፎቅ ትወርዳለች። ባለፈው ወር ለሚመለከተው ሰው እኔው ራሴ ከዚህ ደውዬ ነበር። «ነገ ይመጣሉ» አለኝ። በሦስተኛው «ነገ» ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ስልኩን ዘጋብኝ።

ለእናቴ ይኼን ሁሉ እየተናደድኩ ሳወራ አቋረጠችኝ። «ተይ ልጄ፣ ልጆቹ ምን ያድርጉ? ጓንት እንኳ የላቸውም» አለችኝ። በዚያው የተሰበረ ብርጭቆ ምን እንደምታደርግ ነገረችኝ። ከቆሻሻው ጋር አትቀላቅለውም። በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ትጠቀልለዋለች፣ በፌስታል ታስረዋለች፣ ከማዳበሪያው አፍ ላይ ለብቻው ታስቀምጠዋለች። ልጆቹ ሲመጡ ደግሞ «ይቺን ጠንቀቅ በሏት» ትላቸዋለች።